ጄኔ ወርቅም ጨውም ሳይኖራት ስለ ምን ገነነች?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በማሊ የሚገኘውን የጄኔን የጭቃ መስጊድ በፎቶግራፍ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከተማዋ ግን ከኒጀር ወንዝ ዳር አይደለችም፤ የወርቅ ወይም የጨው ማዕድንም የላትም። ታዲያ እንዴት የንግድ መናኸሪያ ልትሆን ቻለች? ኋላስ ለምን ቀዘቀዘች?

መልስ፦ ጠያቂያችን እንዳሉት ጄኔ የወርቅም የጨውም ባለቤት አልነበረችም። የነበራት ውሃ ነው። የተቆረቆረችው የኒጀር ገባር በሆነው በባኒ ወንዝ አጠገብ፣ ወንዞቹ በየዓመቱ ሞልተው በሚያጥለቀልቁት ሰፊ ሜዳ ላይ በመሆኑ፣ ከዝናቡ ወራት በኋላ ዙሪያዋን ውሃ ይከባትና ደሴት ትመስላለች። ሙላቱ ሩዝ ያበቅልላታል፤ ሲሸሽ ደግሞ ለፉላኒ ከብት አርቢዎች ለምለም ግጦሽ፣ ለቦዞ ዓሣ አጥማጆች በየኩሬው የቀረ ዓሣ ትቶ ይሄዳል።

በበረሃው ጠርዝ ያለችው ቲምቡክቱ በበኩሏ ከሰሃራ በግመል የሚመጣ ጨው ሞልቷት፣ እህል ከሌላ አገር ካልደረሰላት ግን ሕዝቧን መመገብ የማትችል ከተማ ነበረች። ስለዚህ የጄኔ ጀልባዎች እህል አድርሰው ሲመለሱ ጠፍጣፋ የጨው አሞሌ ይጭኑ ነበር። ጨው ከጀልባ ወርዶ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ የሚዛወረው እዚሁ ጄኔ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወርቅና የኮላ ፍሬ (የሚታኘክ አነቃቂ ፍሬ) ወደሚገኝበት አገር ይጓዛል። ጭነት በሚቀየርበት ስፍራ መጋዘንም፣ ደላላም፣ ቀረጥም አይጠፋም።

ይህ ልውውጥ ከአረብ ነጋዴዎች ጋር የመጣ ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ከከተማዋ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጥንት መንደር ፍርስራሽ፣ በጄኔ-ጄኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው ቁፋሮ ግን፣ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ እንደኖሩበትና በሜዳው የማይገኘውን ብረት ከውጭ ያስመጡ እንደነበር አሳይቷል።

መስጊዱን በተመለከተ አንድ ማረሚያ እናክል። ቦታው ጥንታዊ ቢሆንም ዛሬ የሚታየው ሕንፃ የተጠናቀቀው በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ደለላማው ሜዳ ድንጋይ ስለሌለው የሚሠራው በጭቃ ነው፤ ጭቃውም ከሩዝ እብቅ ጋር ተቦክቶ፣ ለቀናት ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ፣ እስኪሸት ድረስ ይብላላል። በልስኑ ዕለት ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ፣ ወጣቶች ጭቃውን በቅርጫት ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ግንበኞችም ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉትን የዘንባባ እንጨቶች እንደ መሰላል ረግጠው በእጃቸው ይለስናሉ። ያለዚህ ዓመታዊ ልስን ዝናቡ ግድግዳውን ይበላዋል።

ከተማዋን የሶንግሃይ ነገሥታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1591 በኋላም የሞሮኮ ሠራዊት ተፈራርቀውባታል፤ ንግዷ ግን በአገዛዝ ለውጥ ብቻ አልቆመም። የጎዳት መንገዱ መቀየሩ ነው። አስቀድሞ የደቡቡ ወርቅ ወደ አትላንቲክ ጠረፍ መሳብ ጀምሮ ነበር፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1893 ከተማዋን ከያዙ በኋላ ደግሞ ባኒና ኒጀር የሚገናኙበት ሞፕቲ ለጀልባ የተመቸ ሆኖ ስለተገኘ ነጋዴው ወደዚያ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባት በኋላ ጎብኚ ዋነኛ ገቢዋ ሊሆን ተቃርቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በማሊ የተነሣው ጦርነት እርሱንም አራቀባት። የሰኞ ገበያዋ ግን አሁንም ከመስጊዱ ፊት ለፊት ይቆማል።