ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ውርንጭላው መነሣት አቃተው፤ ባዝራዬን ልሽጣት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ የምተዳደረው በጋሪ ነው። ባዝራዬ ከትናንት በስቲያ ሌሊት ወለደች። ውርንጭላው መጀመሪያ ቆሞ ነበር፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን ተኝቷል፣ ጡትም አልይዝ አለ። ቢጫው ወተት ሆድ ያበላሻል ሲሉኝ አልቤ ደፋሁት። ትናንት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ ወጋሁት። መጠኑ ስንት ይሁን? የአምናውም በሦስተኛው ቀን ነው የሞተብኝ። ባዝራዋን ልሽጣት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባዝራዋን አይሽጧት። የሚያስጨንቅዎት መርፌው ሳይሆን ይኸኛው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ደሟ የተበላሸ መስሎዎታል። ከጻፉልኝ ግን ጥፋቱ የእሷ አይመስለኝም። የአምናውንስ እንገር ደፍተውት አልነበረም?

የሰው ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም የበሽታ መከላከያ ይወርሳል። ውርንጭላ አይወርስም፤ የባዝራ እንግዴ ልጅ አያሳልፍለትም። ያለው ተስፋ እንገር ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜ አለው። አንጀቱ መከላከያውን በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ነው፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። ቢጫነቱና ውፍረቱ የመበላሸት ምልክት አይደለም፣ መከላከያው ራሱ ነው። ሆድ ያላላል የሚሉት እውነት ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው፣ ጥቁሩን የመጀመሪያ ፋንድያ ያስወጣለታል። ላምም ስትወልድ ሰው እንገሩን ሲደፋ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል። እባክዎን ይህን ለጎረቤትዎም ይንገሩ።

የመርፌውን መጠን አልነግርዎትም። ይህ ውርንጭላ ደሙ ውስጥ ተሕዋስያን ሳይገቡበት አልቀሩም፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን ብዙዎቹን አይገድልም፣ ሰውነቱ ውሃ ያጠረውን ውርንጭላ ደግሞ ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል። ትናንት ሐኪም መጠራት ነበረበት፤ ቀኑ በመርፌ ባከነ። ከእንግዲህ አንድም እንዳይወጉት።

ዛሬውኑ፣ አሁን፣ የእንስሳት ሐኪም ያስመጡ። ካልተገኘ አይሱዙ ተከራይተው፣ እናቱንም ጭነው፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይሂዱ። የእንገሩ ጊዜ ቢያልፍም ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ በደም ሥሩ ከተሰጠው መከላከያውን ሊተካለት ይችላል፤ ተገቢው መድኃኒትም አለ። ደክመው መጥተው የዳኑ አይቻለሁ።

እስከዚያው በጎኑ ተዘርግቶ አይተኛ፤ ደረቱ ላይ ደግፈው ያስቀምጡት። የድሬ ሙቀት አያታልልዎት፤ ጆሮውና እግሩ ከቀዘቀዘ በብርድ ልብስ ይሸፍኑት። ተኝቶ ሳለ ወተት በጠርሙስ አይጋቱት፣ ሳንባው ይገባል። እትብቱ ከረጠበ ወይም መገጣጠሚያው ካበጠ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ለሚቀጥለው ወሊድ፦ ውርንጭላ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠባል። የእናቱ ጡት ተወጥሮ እየተንጠባጠበ የእሱ ግንባር በወተት ከረጠበ፣ ጡቱን እየፈለገ ነው እንጂ አልጠባም፤ ያን ጊዜ ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ።

አሁን ጡቷ እንዳይደርቅ በየሁለት ሰዓቱ ይለቧት። የታለበውን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ በቱቦ ይሰጠዋል። አይድፉት።