አስከሬኔን ለሕክምና ትምህርት መለገስ እፈልጋለሁ፤ ልጆቼን ምን ልበላቸው?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ሁለቱ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ታናሺቱ ስቶክሆልም ትኖራለች። አንድ የዕድራችን አባል ባረፈ ቁጥር አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ የሚደረገውን መዋጮና ሩጫ ሳይ፣ በእኔ ምክንያት ማንም እንዲቸገር አልፈልግም። ስለዚህ ስሞት አካሌ ለሐኪሞች መማሪያ እንዲሆን ወስኛለሁ። መንጃ ፈቃዴ ላይ የልብ ምልክት ስላለ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ወዳጄ ግን ያ ሌላ ነገር ነው ይለኛል። ልጆቼ ከሞትኩ በኋላ ሊከለክሉ ይችላሉ? ፍትሐትስ እንዴት ይሆናል? ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እንደምከርምም ልግለጽላችሁ።
ስሜ ይቆይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ወዳጅዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው የልብ ምልክት ኩላሊት፣ ጉበት፣ የዓይን ብሌንና የመሳሰለው ለሕሙማን ንቅለ ተከላ እንዲውል መፍቀድዎን ያሳያል እንጂ ሙሉ አስከሬንዎ ለሕክምና ትምህርት ቤት እንዲሰጥ አያደርግም። ሙሉ አካልን ለመለገስ ራሱን የቻለ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። በሜሪላንድ ይህን ሥራ የሚመራው የግዛቱ የአናቶሚ (የሰው አካል ጥናት) ቦርድ ነው፤ በአጎራባቿ ቨርጂኒያ ደግሞ የግዛቱ የአናቶሚ ፕሮግራም አለ፤ በዋሽንግተን ዲሲ የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የራሳቸውን ለጋሾች ይመዘግባሉ። ሁለቱን ልገሳዎች አንድ ላይ ለመፈጸም ካሰቡ ግን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የውስጥ አካላት ለንቅለ ተከላ ከተወሰዱ በኋላ ብዙ የትምህርት ፕሮግራሞች አስከሬኑን አይቀበሉም፤ የዓይን ብሌን ልገሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያግድም።

ልጆችዎ ሊከለክሉ ይችላሉ ወይ ላሉት፣ በሕጉ መሠረት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውና በ2006 የተሻሻለው፣ ግዛቶች እየተቀበሉ የራሳቸው ያደረጉት የአካል ልገሳ ሞዴል ሕግ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ በፊርማው የሰጠውን ቃል ከሞቱ በኋላ ቤተሰቡ እንዲሽረው አይፈቅድም። በተግባር ግን በኀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ አጥብቆ ሲቃወም እየተሟገተ አስከሬን የሚወስድ ፕሮግራም ብዙ አይገኝም። በእኔ እምነት ከፊርማው የሚበልጠው ሥራ ከልጆችዎ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ነው። አባታቸውን ቀብረው፣ አፈር አልብሰው፣ በአርባው መቃብሩ ላይ ቆመው ሊያለቅሱ የሚጠብቁ ልጆች፣ ይህን ሁሉ እንደማያገኙ ከማያውቁት የቢሮ ሠራተኛ በስልክ ሊሰሙት አይገባም። ደብዳቤ ብቻ ጽፈው አይተዉት፤ በሚቀጥለው ክረምት አዲስ አበባ ሲሄዱ ሁለቱን አስቀምጠው፣ ታናሺቱን በስልክ አስገብተው፣ ምክንያትዎን በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። ቢያለቅሱም፣ ቢቆጡም፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ ቢሆን ይሻላል።

ምክንያትዎን በተመለከተም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በጻፉልን ደብዳቤ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሰውን ላለማስቸገር ያለዎት ሐሳብ ነው። ልገሳው ወጪ መቀነሱ እውነት ነው፤ አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ መላክ ብዙ ሺህ ዶላር ሲጠይቅ፣ በልገሳ ጊዜ ግን የማቃጠሉን ወጪ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ይሸፍናል። ነገር ግን ለዕድርዎ ለዓመታት የከፈሉት ለዚሁ ቀን ነው፤ ሌሎችን በሸኙበት እጅ መሸኘትም ውለታ መቀበል እንጂ ሸክም መሆን አይደለም። ወጣት ሐኪሞች እንዲማሩበት ከልብዎ ፈልገው ከሆነ ግን ትልቅ ስጦታ ነው፤ የሰውን አካል በእጃቸው ገልጠው ሳያዩ ቀዶ ጥገና የሚማሩ የሉም።

ፍትሐትን በተመለከተ ውሳኔውን ለንስሐ አባትዎ መተው ይገባል፤ ሲጠይቋቸው ግን ነገሩን ሳይሸፋፍኑ በዝርዝር ይንገሯቸው። አስከሬኑ በቤተ ክርስቲያን ቆይቶ፣ ሕዝብ ተሰናብቶት የሚሄድበት ጊዜ ላይኖር ይችላል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሞቹ በፍጥነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ሊረከቡ ይፈልጋሉ፤ በቀብር አስፈጻሚዎች ዘንድ እንደሚደረገው በመድኃኒት እንዲደርቅም አይፈቅዱም። ከዚያ አስከሬኑ ለአንድ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ለትምህርት ሲያገለግል ይቆይና ይቃጠላል፤ አመዱ ለቤተሰብ ይመለሳል ወይም ፕሮግራሙ ባዘጋጀው ሥፍራ ያርፋል። በሜሪላንድ ይህ ሥፍራ ሳይክስቪል በሚገኘው የስፕሪንግፊልድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ በየዓመቱ በጁን ወር ቤተሰቦች የሚገኙበት የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። መቃጠሉ ለኦርቶዶክስም ሆነ ለሙስሊም ወገኖቻችን ከባዱ ነጥብ ነው። ሳይቃጠል ለቀብር የሚመልሱ ጥቂት ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ይህ ለእርስዎ ወሳኝ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። አርባውና ተዝካሩ ግን ከዕረፍት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠሩ የአስከሬኑን መመለስ አይጠብቁም፤ ለቅሶ የሚደርሰውም ሰው ከመምጣት አይቀርም።

አሁን ብዙዎች ወደማያስቡበት ነገር ልምጣ። መፈረም ማለት ተቀባይነት ማግኘት ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ የሚወስነው በሞት ጊዜ ነው፤ ሄፓታይተስን፣ የሳንባ ነቀርሳን ወይም ኤችአይቪን የመሰለ ተላላፊ በሽታ ካለ፣ የፖሊስ ምርመራ የሚያስፈልገው አሟሟት ከሆነ፣ የአስከሬን ምርመራ ከተደረገ፣ ወይም ክብደቱ ከተወሰነው በላይ ከሆነ ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዕቅድ የሌለው ለጋሽ ቤተሰቡን ከመነሻው ችግር ላይ ይጥላል። ካልተቀበሉኝ እዚሁ ልቀበር ወይስ አገር ቤት ልላክ፣ ወጪውስ ከየት ይምጣ የሚለውን በዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የዕድርዎንም ደንብ አውጥተው ያንብቡ፤ አንዳንዱ ዕድር ገንዘቡን ለቤተሰብ በእጅ ሲሰጥ፣ ሌላው የሚከፍለው ከቀብር አስፈጻሚው ደረሰኝ ሲቀርብለት ብቻ ነው፤ ልገሳ ሲሆን ደግሞ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ላይኖር ይችላል።

ነገሩ የሚበላሽበትን ሰዓት በቅርብ እንየው። ሰውየው ቤቱ ውስጥ በሆስፒስ (ሊድን ለማይችል ሕመምተኛ በሚደረግ) እንክብካቤ ላይ ሳለ ሌሊት ያርፋል። ነርሷ መጥታ መሞቱን ካረጋገጠች በኋላ አጠገቡ ያለውን ሰው፣ የአክስት ልጅም ይሁን ጎረቤት፣ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ቀብር አስፈጻሚ ይጠራ? ያ ሰው ስለ ልገሳው ካልሰማ ባለፈው ዓመት የዕድር አባል የተሸኘበትን ድርጅት ስም ይሰጣል። እነርሱም ይመጣሉ፤ ቤተሰብ መጥቶ እስኪያየው እንዲቆይ ብለው በማግሥቱ በመድኃኒት ያደርቁታል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከአዲስ አበባ ደውሎ ልገሳውን ሲያስታውስ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ የለጋሽነት ካርድዎን በኪስ ቦርሳዎ ውስጥ ብቻ አይያዙ። ከፕሮግራሙ የሃያ አራት ሰዓት ስልክ ጋር አንዱን ቅጂ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉ፣ አንዱን ለሐኪምዎ፣ አንዱን ለዕድሩ ጸሐፊ፣ አንዱን ደግሞ ቁልፍዎን ለሚይዝልዎት ጎረቤት ይስጡ። በኑዛዜ ውስጥ ብቻ ጽፎ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ኑዛዜ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከቀብር በኋላ ነው።

ብቻዎን ስለሚኖሩ ይህ ለእርስዎ የበለጠ ያስፈልጋል። በሜሪላንድ ሕግ አንድ አስከሬን በ72 ሰዓት ውስጥ ጠያቂ ካልቀረበለት በዚሁ የአናቶሚ ቦርድ ሥር ይውላል። በሦስት አገር ተበትኖ ለሚኖር ቤተሰብ 72 ሰዓት አጭር ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቴክሳስ የኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ማዕከል ጠያቂ አልተገኘላቸውም የተባሉ አስከሬኖችን ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ለሥልጠናና ለምርምር ሲሰጥ፣ ለኩባንያዎችም ሲያከራይ እንደነበረ በጋዜጠኞች ተጋልጦ ፕሮግራሙን አቁሟል፤ ከእነዚህ ሟቾች መካከል ቤተሰቧ በውጭ አገር የነበረ ስደተኛ ወጣት ትገኝበታለች። ወድዶ መስጠትና ጠያቂ አጥቶ መወሰድ ምንና ምን ናቸው!

የሚፈርሙለትንም ተቋም ይለዩ። በዩኒቨርሲቲና በግዛት ሥር ካሉት ፕሮግራሞች ሌላ፣ ማቃጠሉን በነፃ እንሠራለን እያሉ አስከሬን ተቀብለው አካላትን በየክፍሉ ለሥልጠናና ለምርምር በክፍያ የሚያቀርቡ የንግድ ድርጅቶች አሉ፤ የሚቆጣጠራቸውም ሕግ በብዙ ቦታ ልል ነው። ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ ከጥፋት ነፃ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአስከሬን ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ከተለገሱ አስከሬኖች ክፍሎችን ሰርቆ በመሸጥ ተከሷል። ቢሆንም ተጠያቂ የሚሆን ተቋም ያለበትን ይምረጡ፤ አስከሬኑ ወደ ሌላ ግዛት ይላካል ወይ፣ ለማን ይሰጣል፣ መጓጓዣውን ማን ይከፍላል ብለው ይጠይቁ።

አዲስ አበባ እያሉ ቢያርፉ የሜሪላንዱ ፊርማ አያገለግልም። ምዝገባው የሚሠራው ለዚያው ግዛት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚማሩት ጠያቂ ባጡ አስከሬኖች ነው፤ በፈቃድ የመለገስ ልማድ ገና አልተስፋፋም። የዓይን ብሌን ግን የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ስለሚቀበል፣ ልጆችዎ ፈቃድዎን አውቀው ወዲያው ከደወሉ ያ ስጦታ እዚያም ሊፈጸም ይችላል። ለቀረው አካልዎ በአገርዎ መቀበር ነው፤ ይህንንም ለልጆችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ

እናቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ስትሞት ጎንደር ከአባቴ አጠገብ እንድትቀበር ትፈልጋለች። ወንድሜ እዚሁ ትቀበር ባይ ነው። ሙሉ ውክልና ስላለኝ የምወስነው እኔ ነኝ?

መልስ

እህቴ፣ ውክልናው እናትዎ ባረፉበት ቅጽበት ያበቃል። ከዚያ በኋላ እርስዎና ወንድምዎ እኩል ልጆች ናችሁ፤ ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን እናትዎ ቀብራቸውን የሚያስፈጽመውን ሰው ፈርመው፣ በኖተሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) ፊት አረጋግጠው መሰየም ይችላሉ፤ የተሰየመውም ሰው መቀበሉን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። አእምሯቸው ጥርት ብሎ ሳለ በዚህ ሳምንት አድርጉት፤ ወንድምዎም ባለበት ቢሆን መልካም ነው። አስከሬኑ ሲላክ የሞት የምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት ስለመድረቁና ከተላላፊ በሽታ ነፃ ስለመሆኑ የሚያስረዱ ወረቀቶች፣ እንዲሁም የኤምባሲው ማረጋገጫ ስለሚያስፈልጉ፣ የእናትዎ ፓስፖርት የት እንደተቀመጠ ከአሁኑ ይወቁ። የሞት የምስክር ወረቀቱንም ከአንድ በላይ ኦሪጅናል ያውጡ፤ አንዱ ጎንደር ውስጥ ለውርስ ጉዳይ መጠየቁ አይቀርም።