የጠፋ ነው ወይስ ያልገባ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሌባ ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ሁሌም እንዲህ ነው። ግንባታ ይከፈታል፣ ፌሮ (የግንባታ ብረት) ይወርዳል፣ ከዚያ ስልክ ይጮሃል። ደግሞም ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ጀምሮ፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወዷል። ፌሮና ሽቦ ሳይት ላይ መጣል ማለት ብር አስፋልት ላይ ዘርግቶ እንደመሄድ ሆኗል።

ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። 19 ዓመት ሳይት ላይ ንብረት ያዥ ነበርኩ። ስለ ኮለን (ምሰሶ) ስፋት አትጠይቁኝ። ስለ ቁልፍ ግን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አያት አካባቢ ጂ ፕላስ 2 ቤት እያሠራሁ ነው። ሁለተኛ ወለል ኮለን ላይ ደርሰናል። ባለፈው ቅዳሜ ለሠራተኞቹ የ15 ቀን ሂሳባቸውን ከፍዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ስመጣ ባለ 14 ሚሊ ፌሮ 23 ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) የለም። ቫይብሬተሩም (ኮንክሪት የሚያርገበግበው ማሽን) የለም። ዘበኛው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል። ስምንት ወር አብሮኝ የቆየ ሽማግሌ ሰው ነው። ባለቤቴ «ዛሬውኑ አባርረው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ካሜራና ውሻ» ይላል። ምን ይሻላል? (ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአያት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉና ሂሳብ እንሥራ።

ባለ 14 ፌሮ በሜትር 1.21 ኪሎ ነው። ቤርጋው 12 ሜትር ነው። አንዱ 14 ኪሎ ተኩል መጣ ማለት ነው። 23ቱ ሲደመር 333 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከሦስት ኩንታል በላይ! ይህን ማን ተሸክሞ በአጥር ያሳልፈዋል? 12 ሜትር ብረት የቆርቆሮ አጥር ጫፍ ሲነካ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሌባው ዘሎ ገባ የሚለውን ለጊዜው ይተዉት።

የሚቀሩት ሦስት መንገዶች ናቸው። አንደኛ፣ መኪና በበሩ ገብቶ ጭኖ ወጥቷል። ይህ ከሆነ ሰፈሩ ሰምቷል። በርዎ ላይ ቡና የምታፈላዋን ልጅ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ይጠይቁ። ጠዋት በሩ ላይ የጎማ ዱካ ነበር? ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ሌሊት ብቻ ሳይሆን ሦስት ሳምንት ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ወጥቷል። እርስዎ ያዩት ሰኞ ዕለት ነው እንጂ የጠፋው ሰኞ አይደለም። ሦስተኛው ማንም የማይወደው ነው። 23ቱ ቤርጋ መጀመሪያውኑ አልገባም።

አይቆጡ። ፌሮው ሲወርድ ማን ቆጠረ? እርስዎ ነዎት ወይስ ሾፌሩ «150 ነው፣ ፈርሙ» አለና ፈረሙ? ብዙ ሰው ደረሰኙን ያያል፣ ብረቱን አያይም። እስሩን ፈትቶ አንድ በአንድ የቆጠረ ሰው በቀን ስንት እንደሚያጋጥመኝ ልንገርዎ? በዓመት ሁለት። አሁን ያለውን ይቁጠሩ። ኮለንና ቢም (አግዳሚ) ውስጥ የገባውን ፎርማኑ ከፕላኑ ላይ ያስላልዎት። ሁለቱን ደምረው ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩ። ያኔ የጠፋ ነው ወይስ ያልገባ የሚለው ይለያል።

ሁለተኛውን መንገድ ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም በእኔ ልምድ ብዙው የሚሄደው በዚያ ነው። ፌራዮው ብረት ሲቆርጥ ቁርጥራጭ ይተርፋል። ቁርጥራጩ ጥግ ላይ ይከመራል። በሳምንት አንዴ ቁራሌው ይመጣል፣ በኪሎ ይመዝናል፣ ብሩን ለሻይ ይካፈላሉ። ባለቤቱም «ግድ የለም» ይላል። ታዲያ ቁርጥራጭ ብር ካመጣ ሰው ቁርጥራጭ መሥራት ይጀምራል። 12 ሜትሩ ደህና ቤርጋ ሦስት ቦታ ይቆረጥና በጠራራ ፀሐይ በዋናው በር ይወጣል። ዘበኛው ቆሞ በሩን ይከፍትላቸዋል! መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁርጥራጩን እርስዎ ራስዎ ቆመው ይሽጡ፣ ከግማሽ ሜትር የረዘመ ብረት ካለ ፌራዮውን ለምን ብለው ይጠይቁ። ደግሞ ፌሮ ሲወርድ መሃሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል በቀይ ቀለም ያስቀቡ። ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ጫፉ ይቆረጣል።

ቫይብሬተሩ ለብቻው ነው። እሱን አንድ ሰው ጆንያ ውስጥ ከቶ ይዞት ይወጣል። ከፌሮው ጋር የጠፋ መስሎ እንዲታይ ቅዳሜን ጠብቀው ሊሆን ይችላል። ደመወዝ የተከፈለበት ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ለሌባ የተመረጡ ቀኖች ናቸው። ሠራተኛው ብር ይዞ ይበተናል፣ እሑድ ሰው የለም፣ ሰኞ ደግሞ ማን የመጨረሻ እንደወጣ ማንም አያስታውስም። ማሽን ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስቶር ይገባል፣ ያስገባው ሰው ደብተር ላይ ይፈርማል። የስቶሩ ቁልፍ ደግሞ ዘበኛው ጋ አያድርም። ይህን የምለው ዘበኛውን ስለምጠረጥር አይደለም። ቁልፉ እሱ ጋ ከሌለ ማንም እሱን አይጠረጥረውም።

ወደ ሽማግሌው እንምጣ። አያባርሯቸው፣ ገና። ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 በየቀኑ ካደሩ፣ ቀን ደግሞ ውኃ ሲቀዱ ከዋሉ፣ ሰው ናቸውና ይተኛሉ። ጎጇቸው የት ነው ያለው? አብዛኛው ሳይት የዘበኛ ጎጆ በሩ ላይ ይሠራል። ዘበኛው መንገድ ሲያይ ያድራል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ፌሮ አያይም። ጎጆዋን ወደ ብረቱ ያዙሯት። ሁለት አምፖል ይስቀሉ፣ አንዱ ብረቱ ላይ፣ አንዱ ስቶሩ በር ላይ። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ባትሪና ፊሽካ ይስጧቸው። እና ማታ ሲረከቡ ቆጥረው ይረከቡ፤ «150 ፌሮ፣ 80 ከረጢት፣ ሚክሰር አንድ» ተብሎ ተጽፎ። ያልተረከበ ሰው ምን ጠበቀ ይባላል?

ወንድምዎ ስለ ውሻ ያሉት አያዋጣም። ውሻ የሚያውቀውን ሰው አይጮህበትም። ሌባዎ ደግሞ ሳይሆን አይቀርም ውሻው ቀን ቀን ትራፊ የሚጥልለት ሰው ነው። ስለ ካሜራ ታች እመለሳለሁ።

ሳልረሳው፣ ኮለን ላይ ስላላችሁ አንድ ነገር። ከሶሌታው (ከወለሉ ኮንክሪት) ወጥቶ የቆመውን ብረት ይመልከቱ። ቀጣዩ ኮለን የሚያያዝበት እሱ ነው። በአንድ ሌሊት በመጋዝ እየተቆረጠ የተወሰደበት ሳይት አይቻለሁ። ባለ 14 ብረት ከቀጣዩ ብረት ጋር ለመደራረብ እስከ 70 ሳንቲ ሊፈልግ ይችላል። አጥሮ ካገኙት ፎርማኑ «እናያይዘዋለን» ቢልዎት አይስሙት፤ መሐንዲሱ አይቶ ይወስን።

ፖሊስ ጋ ይሂዱ። ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ። የግዢ ደረሰኝ፣ የቫይብሬተሩን ቁጥርና ፎቶ ይያዙ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛም ወንጀለኛ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ቢገኝ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። ቀይ ቀለሙ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 24 ዓመቴ ነው። ለአንድ ተቋራጭ ሳሪስ ያለ ሳይት ላይ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። በሳምንት ሰባቱንም ሌሊት ከ12 እስከ 12 አድራለሁ። የውኃ ፓምፕ ጠፋና አለቃዬ «የሁለት ወር ደመወዝህን እቆርጣለሁ፣ ፈርም» ይለኛል። ልፈርም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታናሼ ስለሆንክ አንተ ልበልህ። አትፈርም።

የራሴን ላጫውትህ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ገርጂ አንድ ሳይት ላይ የሲሚንቶ ስቶር ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ክምሩን ፊት ለፊት እቆጥራለሁ። ስምንት ወደ ጎን፣ አሥር ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ውስጥ፣ 400 ከረጢት። እጽፋለሁ። አንድ ቀን ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ ላስቲክ ላለብስ ክምሩ ላይ ወጣሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ እግሬ ሰመጠ። ጣውላ ተጋድሞ፣ ላዩ ላይ አንድ ረድፍ ከረጢት ተደርድሮ፣ ሥሩ ባዶ! ዳር ዳሩን ሙሉ አድርገው ከውስጥ እንደ ጉድጓድ አውጥተውታል። 42 ከረጢት። ሌሊት አይደለም የወጣው። ቀን፣ እኔ ምሳ ስበላ። ሦስት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ አላውቅማ።

ያኔ ያላወቅሁትን አሁን ልንገርህ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። አለዚያ ያንተ የጽሑፍ ስምምነት። «ፈርም» የሚለህ ለዚህ ነው። ብትፈርም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝህ ሲሶ አይበልጥም። የሁለት ወር ሙሉ የሚባል ነገር የለም።

ሌላም አለ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። አንተ 84 ሰዓት ታድራለህ። ትርፍ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ባለው ጊዜ ሲሠራ በሰዓቱ ክፍያ ላይ በ1.75 ይባዛል፣ የሕዝብ በዓል ሲሆን በ2.5። ይህን ለአለቃህ በጨዋ ደንብ ንገረው። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳየው። የፓምፑን ነገር ሊረሳው ይችላል። ካልሆነ በክፍለ ከተማህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ክፍል አለ፣ እዚያ አመልክት።

ከዛሬ ጀምሮ ግን ደብተር ግዛ። የተረከብከውን ጻፍ፣ ያስረከበህን አስፈርም። እና ሌባ ካየህ ፊሽካ ንፋ፣ ስልክ ደውል፤ አትያያዝ። ለፓምፕ ብሎ የሚሞት ሰው የለም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ የማሠራው ቤት ፊኒሺንግ ላይ ነው። እናቴ ናት የምትከታተልልኝ። ከዚህ ሆኜ የማየው ካሜራ ባስገጥም ይጠቅማል?

መልስ፦ ይጠቅማል፣ ግን ካሜራ ሌባ አይዝም። ለእርስዎ የሚበጀው የሰዓቱ ነገር ነው። እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በበጋችሁ እዚያ ገና በፈረንጅ አቆጣጠር ምሽት 7 ሰዓት ነው። ዘበኛው ሲያንቀላፋ እርስዎ እራት እየበሉ ነው። በሲም ካርድና በሶላር የሚሠራ ሁለት ይበቃል፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ስቶሩ ላይ። ግን ሰው ሲያዩ ለማን ነው የሚደውሉት? ለእናትዎ እንዳይሆን! አምስት ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ የሚችል ጎረቤት ቁጥር ይያዙ።

ፊኒሺንግ ላይ የሚፈራው ፌሮ አይደለም፣ ሽቦ ነው። አንድ ጥቅል ባለ 2.5 ሽቦ፣ 100 ሜትሩ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ መዳብ አለው። ሌባ ከግድግዳ ውስጥ ሲጎትተው ልስኑንም ቱቦውንም ይዞት ይመጣል። ጉዳቱ ከሽቦው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ሽቦ የሚሳበው በርና መስኮት ተገጥሞ ከተቆለፈ በኋላ ነው፣ ያውም አንድ ወለል አንድ ወለል እያሉ። ኤሌክትሪሻኑ «ሁሉንም አንዴ ልጨርሰው» ይልዎታል። እሺ አይበሉ።

በሻንጣ ያመጧቸው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧዎችም ካሉ እናትዎ አልጋ ሥር ይቆዩ። የሚገጠሙት ቤቱን በሚረከቡበት ሳምንት ነው።