የሥነ ምግባር ቪዲዮ እንዳለ ይታይ ወይስ ይቅር?

ውድ የሙያ ባልደረባዬ፣ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ የሥነ ምግባር ቪዲዮና በስልክ የሚሠራ መልመጃ ማግኘትዎን ገልጸው፣ እንዳለ ቢያሳዩአቸው ይሻል እንደሆነ ወይም ቢተዉት ጠይቀዋል። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን ከ15 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁና እንዳይተዉት እመክራለሁ፤ እንዳለ ግን አያሳዩት።

ማስተማር የጀመርኩት በፕላዝማ ዘመን፣ ማለትም ትምህርት በክፍል ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ለ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው ትምህርት በእንግሊዝኛ ከመሆኑም በላይ ቆም ማድረግ የማይቻል ስለነበር፣ አቅራቢዋ ስለ ፍትሕ ጠይቃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መልሱን ራሷ ስትሰጥ፣ እጁን ያወጣው ተማሪ ሳይናገር እጁን ያወርድ ነበር። ፍትሕም ኃላፊነትም ቁጠባም የሚሸመደዱ ትርጓሜዎች ሆነው ይቀሩ ነበር። ዛሬ የማያቸው ቪዲዮዎች ሥዕላቸው እጅግ ቢያምርም፣ ብዙዎቹ ከዚህ አካሄድ አልወጡም።

አንድ ጊዜ እርስዎ ያገኙትን የመሰለ መልመጃ ሰጥቼ፣ ስለ ኩረጃ የቀረቡትን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ክፍሉ በሙሉ በትክክል መለሰ። በዚያው ሳምንት የፈተና ወረቀት ሳርም ግን በአንድ ረድፍ የተቀመጡ ተማሪዎች ያንኑ ስህተት፣ ያንኑ የፊደል ግድፈት ሳይቀር፣ ደግመውት አገኘሁ። ጠርቼ ሳነጋግራቸው አንዷ፣ «ቲቸር፣ መጥፎ መሆኑንማ እናውቃለን፤ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ እየለመነችኝ ወረቀቴን ብሸፍን ግን ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለችኝ። መልመጃው ጥሩን ከመጥፎ እንድትለይ ጠይቋታል፤ እሷን ያስጨነቃት ግን ሐቀኝነትና ጓደኝነት፣ ሁለቱም የምታከብራቸው ነገሮች፣ በአንድ ወንበር ላይ መገናኘታቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቪዲዮውን ባለታሪኩ ሊወስን ሲል አቆመዋለሁ። ተማሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉና በውሳኔያቸው ማን እንደሚጎዳ በሚቀናቸው ቋንቋ ግማሽ ገጽ ይጽፋሉ፤ ተከራክረው ሲያበቁ ብቻ ቀሪውን እከፍታለሁ፤ የቪዲዮው ውሳኔም ለክርክር ይቀርባል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ካሉዎት፣ ታሪኩን ወደ ኪራይና ወደ ስንቅ ቢያዞሩት ዝም የሚሉት ሳይቀሩ ይናገራሉ። መብራት የሚጠፋ ከሆነ ትዕይንቱን በቃል መተረክ ይበቃል።

ውጤት ሲሰጡ ግን እባክዎ ተማሪው የያዘውን አቋም ሳይሆን ያቀረበውን ምክንያት ይመዝኑ፤ አለዚያ እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ጽፈው ይሰጡዎታል።