ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ባጃጇ ግን አትሄድም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዳገት ላይ ሰው ጭነህ ስትነሳ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማህ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹ ይገባል፣ ጋዝ ስትሰጣት ግን ትጮኻለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። መካኒኩ «ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» አለህ። አንተም ይውረድ ወይስ ይቆይ ብለህ ጠየቅከን።

ይቆይ። መጀመሪያ ከጎማው ጀምረህ ወደ ውስጥ ፈትሽ።

እኔ የምሠራው ጎንደር ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ አንዳንዴም ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገት ሰው ጭኖ የሚወጣ ሰው ይህን ዓይነት ብልሽት ሳይወድ በግዱ ይማረዋል። ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ነው የሚያልቀው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም። ሲግል ይብስበታል፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይሻለዋል። የተቃጠለ ሽታም ይኖረዋል። ያንተዋ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደህና ስትሄድ ነበር። በአንድ ድምፅ ቀጥ ያለች ባጃጅ የምታስጠረጥረው የተሰበረ ብረት ወይም ጥርሱ የተላጨ አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ነው።

ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ አስበው። ባጃጅ እንደ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት የላትም። ከሞተር ወደ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ከዚያ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች ወደሚያካፍለው ዲፈረንሻል፣ በመጨረሻ በግራና በቀኝ አክስል ወደ ኋላ ጎማዎች ነው። ዲፈረንሻሉ የተሠራው ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ እንዲዞር ነው። ታዲያ አንድ ጠባይ አለው። አንዱ ወገን ባዶውን መዞር ከቻለ እንቅስቃሴው ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። የቀኙ አክስል ቢሰበር የግራው ምንም ሳይሆን ቆሞ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አንዱ ቢሰበር በሌላው ትሄዳለች» ይላሉ። አትሄድም። አንድ አክስል ብቻ ተበላሽቶ ባጃጇ ሙሉ በሙሉ ትቆማለች።

ብዙ ጋራዥ የሚሠራውን ሙከራም አትመነው። ፍሬን ይይዙና ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ይለቃሉ። ሞተሩ ካልጠፋ «ፍሪሲዮን ነው» ይላሉ። አክስሉ ተሰብሮም ቢሆን እኮ ሞተሩ አይጠፋም! ሙከራው ኃይል የሆነ ቦታ እየጠፋ እንደሆነ ይነግርሃል እንጂ የት እንደሚጠፋ አይነግርህም።

አሁን ያለ ምንም መሣሪያ ይህን አድርግ። ሜዳ ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፋ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅና ከኋላ ግፋት። ጤነኛ ባጃጅ እምቢ ትላለች። ማርሽ ገብቶ ያለ ችግር ከተንከባለለች መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። በነገራችን ላይ እንዲህ የሆነች ባጃጅ ዳገት ላይ በማርሽ ብቻ አትቆምም። ሁልጊዜ ከጎማዋ ስር ድንጋይ አድርግ።

ቀጥሎ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በድንጋይ አስይዝና ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከመሬት አንሳ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ጠንካራ መደገፊያ አስገባ። ከጎማው መሃል ባለው የአክስሉ ዳዶ ላይና በድራሙ (ጎማው የሚታሰርበት፣ የአክስሉ ጥርስ የሚገባበት ክብ ብረት) ላይ በኖራ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ሞተሩን አስነሳ፣ አንደኛ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ይይ። እጁንም ልብሱንም ያርቅ። ጎማዎቹ በአየር ላይ ስለሆኑ ሊዞሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ፍሬኑን በመጠኑ ያዝ። ያኔ የታመመው ወገን ራሱን ያጋልጣል። አክስሉ እየዞረ ድራሙ ከቆመ፣ የኖራው መስመርም ከተለያየ፣ የተላጨው የአክስሉ ወይም የድራሙ ጥርስ ነው። ከካምቢዮው የሚወጣው መገጣጠሚያ እየዞረ አክስሉ ከቆመ መገጣጠሚያው ወይም አክስሉ ተሰብሯል። በሁለቱም በኩል ምንም የሚዞር ነገር ከሌለ ግን ችግሩ ወደ ውስጥ ነው። ያኔ መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል።

በእኔ ግምት ያንተ የድራም ጥርስ ነው። ጎማውን ከማውረድህ በፊት ዳዶው ዙሪያ ተመልከት። የተፈጨ ሸክላ የመሰለ ቀይ ዱቄት ታያለህ? ውሃ ያመጣው ዝገት እንዳይመስልህ። ጥርሶቹ ላልተው እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚወጣ ብናኝ ነው። ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ መሰል ብረት) ተቆርጦ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ዳዶው ላልቶ ከሆነ፣ ድራሙ በተነሳህና በቆምክ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ሲል ጥርሱን ይበላዋል። እንዲህ ከሆነች በምንም መንገድ አትንዳት። ዳዶው ከወጣ ጎማው ከነድራሙ ሊወልቅ ይችላል፣ ከኋላህ ደግሞ ሰው አለ።

ድራሙን ስታወጣ የሁለቱንም ጥርስ እይ። ጤነኛ ጥርስ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። የተበላው ጫፉ ሾጥጦ እንደ ቢላ ይሰላል፣ ወይም ጨርሶ ለስልሶ ታገኘዋለህ። ሁለቱም ከተበሉ ሁለቱንም ቀይር። አዲስ አክስል አሮጌ ድራም ውስጥ ብታስገባ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይላጫል። «በብየዳ ላያይዝልህ» የሚልህ ካለ እሺ አትበል። የተጠነከረው ብረት በሙቀቱ ይበላሻል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ መቀየር ሲያስፈልግህም ድራሙ አይወጣልህም። ስትገጥም ዳዶውን በደንብ አጥብቅ፣ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። የድሮውን አቃንቶ መመለስ ደግ አይደለም።

የአክስሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነውን ጎሚኒም ዳብሰው። ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ይገባል። ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ መገጣጠሚያው በቶሎ ያልቃል። አስቀድሞም ይናገራል። ስትነሳና ጋዝ ስትለቅ «ቀጭ» ይላል። የጎሚኒ ዋጋ ከአክስል ዋጋ ጋር አይወዳደርም፣ ስለዚህ ዘይት በቀየርክ ቁጥር ከስር ገብተህ እየው።

አክስሎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ገመዶቹ እለፍ። የማርሽ ገመድ ሲረዝም እጀታው አንደኛን ያሳያል፣ ውስጥ ግን ማርሹ አልገባም። የኋሊት መሄጃው ማንሻም መሃል ላይ ቀርቶ ከሆነ እንዲሁ ነው። የፍሪሲዮን እጀታ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት። ጨርሶ ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተያዘ ይቆጠራል፣ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዘይት የሚወርደው። ባለ አራት ስትሮክ ባጃጅ ፍሪሲዮኗ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት በጣም ስለሚያሟልጭ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን እንደሚሆን የሚያሳይ ምልክት ያለውን ግዛ። የወረደውን ዘይት በነጭ ጨርቅ አጥልለው። ጥቁር የተቃጠለ ፍርፋሪ ካገኘህ የፍሪሲዮን ነገር ነው። በጣት ሲያሹት የማይሻክር ግራጫ ዝቃጭ ትንሽ ቢኖር አያስደነግጥም። በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ካገኘህ ግን የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ጥርስ ተሰብሯል። ያኔ ሞተሩ ይውረድ፣ እኔም አልከራከርም።

የጭነት ባለሦስት እግር ያላችሁም ይህን ካነበባችሁ፣ የእናንተ ሞተር ከፊት ከሆነ መሃል ላይ ረጅም ዘንግ አለ። መጀመሪያ የዘንጉን ክሮቼራ (የመስቀል ቅርጽ ያለውን መገጣጠሚያ) እዩ። ዘንጉ እየዞረ ጎማ ካልዞረ ችግሩ ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ ነው፣ ዘንጉ ካልዞረ ወደ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ነው።

ስለ ጭነትም ልናገር፣ ደግሞም ከልቤ ነው። ባጃጅ የተሠራችው ለሾፌርና ለ3 ተሳፋሪ ነው። ኑሮ አስገድዶን እንጨምራለን፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ዳገት ላይ ጋዝ ጨምረህ ፍሪሲዮኑን ድንገት አትልቀቀው። ያቺ አንድ ምት ነች አክስል የምትሰብረው።

ለመካኒኩ «ሞተሩን ሳታወርድ መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹን አንሳልኝና አብረን እንይ» በለው። ደህና ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀበለው።