ለኮምቦልቻዋ እናት፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚታመመው ልጅሽ

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ4 ዓመት ልጅሽ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ ጉንፋን ይይዘዋል፤ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል። አንድ ዘመድሽ ደግሞ «ነርቩ ደክሞ ነው፤ ወጌሻ አንገቱንና አከርካሪውን ቢያስተካክልለት በሽታ የመከላከል አቅሙ ይመለሳል» ብለውሻል። እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደሴ ውስጥ 14 ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ የመጨረሻው ልጄ ልክ እንዳንቺው ልጅ ያለ ዓመት አሳልፏል። የምነግርሽ ያየሁትን፣ የሕፃናት ሐኪሟ ያስረዳችኝንና ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ነው።

ነርቭና በሽታ የመከላከል አቅም ይነጋገራሉ፤ ዘመድሽ ይህን ያሉት ትክክል ነው። መፍትሔው ግን የተሳሳተ ነው። ነርቭ እንደ ወለቀ ክንድ ተስቦ ቦታው የሚመለስ ነገር አይደለም። አንገት ውስጥ ደግሞ ኅብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች አሉ። አያቴ ወጌሻ ነበሩ፤ ለወለምታ ስንቱን እንደረዱ አውቃለሁ። የሕፃን አንገት ግን እሳቸውም አይነኩም ነበር። አንቺም ለማንም እንዳትሰጪ።

ከነርቩ በፊት ቁጥሩን እንይ። ጤነኛ የሆነ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል፤ መዋዕለ ሕፃናት በገባበት ዓመት ከዚያም ይበልጣል። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው፤ የልጁ ሰውነት አንድ በአንድ እየተገናኛቸው ነው የሚያውቃቸው። እኔ ክፍል ውስጥ መስከረም ላይ ንጹሕ አፍንጫ ይዘው ከገቡት ልጆች ጥቅምት ሲጋመስ ግማሾቹ ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። ሳሉ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚቆይ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይተካል፤ እናትም ልጄ ዓመቱን ሙሉ ታመመ ትላለች። ልጅሽ በመካከሉ ድኖ የሚጫወት፣ የሚበላና ክብደት የሚጨምር ከሆነ አብዛኛው ነገር ይኸው ነው።

ወደ ነርቩ ልመለስ። በሽታ የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሰለጥኑባቸውና የሚሰፍሩባቸው ቦታዎች አሉ። ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው ቲመስ የምትባል እጢ፣ ጣፊያ፣ ስንታመም ንፍፊት ሆነው የሚያብጡት እጢዎች። ሁሉም ጋ የነርቭ ክሮች ይደርሳሉ። ሰው ሲደነግጥ አንጎል በነርቭ በኩል በቅጽበት ልብን ያስመታል፤ በደም በኩል ደግሞ ትንሽ ዘግየት ብሎ ከኩላሊት በላይ ካሉት አድሬናል እጢዎች ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ያስወጣል። ለአጭር ጊዜ ይህ ይጠቅማል። ፍርሃቱ ወራት ሲዘልቅ ግን የመከላከያውን ሥራ ያዛባዋል። ሐኪሟ ያስረዳችኝ እንዲህ ነበር፤ ለከባድ አስም የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶል ዘመድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚወስደው ሰው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ይህን ስሰማ ነገሩ ገባኝ።

መልእክቱ ከታች ወደ ላይም ይሄዳል። ልጅ ሲታመም የሚጋደመውና ምግብ የሚጠላው ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ኬሚካሎች በደምና ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል ለአንጎል ስለሚናገሩ ነው። ትኩሳቱን ከፍ የሚያደርገውም አንጎል ራሱ ነው። ስለዚህ በታመመ ቀን «ብላ!» ብለሽ አትቆጪው። ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ደጋግመሽ ስጪው፤ ሲሻለው ያካክሳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ሮበርት ኤደርና ኒኮላስ ኮኸን የተባሉ አሜሪካውያን ያሳተሙት ጥናት አለ። ለአይጦች ጣፋጭ ውሃ አጠጥተው የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ወጓቸው። ከቀናት በኋላ መድኃኒቱን ትተው ጣፋጩን ውሃ ብቻ ሲሰጧቸው የአይጦቹ መከላከያ እንደገና ቀነሰ። ሰውነታቸው ጣዕሙን አስታውሶ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው የልጄን ጫማ በሌላ ዓይን ያየሁት።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስብን ከደሴ ወጥተን ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተጠጋን። ልጄ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር። ወደ ቤታችን ስንመለስ ሁሉም ያለፈ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ማታ ጫማዬን አላወልቅም አለ። ብርድ ልብስ ውስጥ ጫማውን እንዳደረገ፣ ማሰሪያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይተኛል። እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ቀስ አድርጌ ላወልቅለት ስሞክር ዓይኑን ይገልጥና «እንሂድ?» ይለኛል። ከሸዋ በር በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ሲመጣ ይባንናል። ያን ጊዜ ሕመሙን በደብተር እጽፍ ነበር፤ ከጥር እስከ ሰኔ ሰባት ጊዜ ታመመ፤ ሁለቱ የጆሮ ኢንፌክሽን ነበሩ። የወሰድንበት የግል ክሊኒክ በሄድን ቁጥር ደረቱን እንኳ ሳያዳምጥ አንቲባዮቲክ ይጽፍልን ነበር። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ እኛ ያተረፍነው ተቅማጥ ነው።

በመጨረሻ ያገኘናት የሕፃናት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ሰዓት ይተኛል?» ብላ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። ቆጥሬ ሳየው በመካከሉ እየተቆራረጠ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በጎልማሶች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ነገረችኝ፤ ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ሲጨመር፣ በሌሊት ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የመታመም ዕድል ነበራቸው።

ከዚያ ማታችንን ቀየርን። ሁለት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ እግሩን በሞቀ ውሃ አጥበዋለሁ፤ አንድ ተረት፤ ከዚያ መብራት። በየቀኑ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ደረቱ ላይ እጁን አስደግፌ «ትኩስ ሻይ እንደምታበርድ ቀስ ብለህ እፍ በል» እለዋለሁ። ትንፋሽ ሲወጣ ቬገስ ነርቭ የልብን ምት ዝግ ያደርገዋል፤ ልጁ ራሱ በእጁ ይሰማዋል። ይህ ጉንፋን አያድንም፤ እንቅልፍ ግን ያመጣል። ትልቁ ለውጥ ደግሞ ቡና ላይ ነበር። እኛ ከጎረቤት ጋር ስለ ጦርነቱ ስናወራ እሱ ከረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይሰማል። ልጁ ባለበት ያን ወሬ ማውራት አቆምን።

ጫማውን አልቀማነውም። መጀመሪያ ከፍራሹ አጠገብ እጁ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጥነው፤ በየሳምንቱ በአንድ እርምጃ እያራቅን በስድስተኛው ሳምንት በሩ ጋ ደረሰ።

በቀጣዩ ዓመት አራት ጊዜ ብቻ ታመመ። እንቅልፉ ብቻ አዳነው አልልሽም፤ አንድ ዓመትም አድጓል፤ ከሰሉንና እንጨቱንም ከመኝታ ክፍሉ አርቀናል። ጭስ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። ቡናና እጣን የሌለበት የወሎ ቤት እንደማይታሰብ አውቃለሁ፤ ልጁ ሲያስለው ግን እጣኑ ይቅር፤ ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ።

ነገ ደግሞ ሌላ ሰው «እንጥሉን አስቆርጪው፤ ግግ አስወጪለት» ይልሽ ይሆናል። በፍጹም! ደም መፍሰስና ቴታነስ ያመጣል እንጂ ለጉንፋን አንዳች አይፈይድም።

ስለ ነርቭ ያወራሁሽ ሁሉ ግን ሌላ በሽታ እንዳይሸፍንብሽ። ዕድሜው ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ ሳያለቅስና ሳይሮጥ በደቂቃ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከተዝለፈለፈ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይዘሽው ሂጂ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ከያዘው፣ ጆሮው በተደጋጋሚ መግል ካወጣ ደግሞ በጭንቀት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ቲቢና ኤች አይ ቪን ጨምሮ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሲተኛ የሚያንኮራፋ ከሆነም ተናገሪ፤ ያበጠ ቶንሲል እንቅልፍ ይነሳል።

አንድ ነገር እንደ መምህርት ልጨምር። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስታለብሺው ሆዴን አመመኝ የሚል ከሆነ መምህርቷን አነጋግሪ፤ ልጁንም ክፍል ውስጥ ማን እንደሚያስፈራው ሳትቆጪ ጠይቂው። የሚመታውን ልጅ ወይም የምትጮኽበትን ሞግዚት ፈርቶ ሌሊት የሚባንን ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የክትባት ካርዱን ያዢ። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት መሰጠቱን፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ደግሞ አለመዘለሉን አብራችሁ እዩ። እስከዚያው ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደባነነና ሲባንን ምን እንደሚል በደብተር ጻፊ፤ ደብተሩንም ከካርዱ ጋር ይዘሽ ግቢ።