የዓመቱ አልበም፣ ግን የየትኛው ዓመት?

ባለፈው እትም ከዓመቱ የፖፕ አልበሞች አምስቱን መርጣችሁ እንድትልኩ ጋብዘን ነበር። ከዝርዝሩ ይልቅ ጥያቄው በዛ። ተደጋግመው የመጡትን መልሰናል። ምሳሌ የምንጠቅሰው በአብዛኛው ከ2016 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ዓመት ሽያጩም ሽልማቱም ተዘግቶ ስላለቀ ለሂሳብ ይመቻል።

ጥያቄ፦ ቻፔል ሮን አስቸገረችኝ። አልበሟ የወጣው በፈረንጆች 2023 ነው፤ ሰው ሁሉ ያበደላት ግን በ2024። በየትኛው ዓመት ዝርዝር ላስገባት? (ሜ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የወጣበትን ቀን ያዢ። «እኔ የሰማሁት ዘንድሮ ነው» የሚባል ነገር ከተፈቀደማ የዛሬ ሠላሳ ዓመት አልበምም በየዓመቱ ሊገባ ነው። ያንቺ ችግር ግን ከቀኑ አይደለም፤ ዓመቱን ከጃንዋሪ ከመጀመርሽ ነው። «ዘ ራይዝ ኤንድ ፎል ኦቭ ኤ ሚድዌስት ፕሪንሰስ» የወጣው ሴፕቴምበር 22 ቀን 2023 ነው። ያ በእኛ መስከረም 11 ቀን 2016 ነው፤ ዓመቱ ገና በ11ኛ ቀኑ። አልበሙ ቀስ በቀስ ተሰምቶ፣ ክረምቱ ላይ በየጆሮው የገባው በዚያው በ2016 ነው። ጭንቀቱ እዚያ ላይ አለቀ።

ነገሩ የእሷ ብቻ አይደለም። የፖፕ ዓመት ራሱ የሚዞረው እንደኛው መስከረም ግድም ነው። 67ኛው ግራሚ፣ የአሜሪካ ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት፣ ለውድድር የተቀበለው ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 እስከ ኦገስት 30 ቀን 2024 የወጡትን ነበር፤ ማለትም ከመስከረም 5 እስከ ነሐሴ 24 ቀን 2016። ለዓመቱ አልበም የታጩት ስምንቱም የወጡት በእኛ 2016 ውስጥ ነው። በፈረንጆች 2024 ብንቆጥር ኖሮ ሁለቱ፣ የቻፔል ሮንና የአንድሬ 3000፣ ከደጅ ይቀሩ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ይገጥማል ብለሽ ግን አትመኪ። የግራሚ መዝጊያ ቀን ይንሸራተታል፤ የ66ኛው ዙር ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2023 ነበር።

ከጃንዋሪ የሚጀምረው ዝርዝር ሌላም ጉድጓድ አለው፤ ዲሴምበር። የሃያሲዎች የዓመት ዝርዝር ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የወጣ አልበም ሜዳ ላይ ይቀራል። የቢዮንሴ በስሟ የተሰየመው አልበም ዲሴምበር 13 ቀን 2013 በድንገት ሲለቀቅ ብዙው ዝርዝር ታትሞ አልቆ ነበር። የሲዛ «ኤስኦኤስ» ደግሞ ዲሴምበር 9 ቀን 2022 ወጣ፤ በእኛ ኅዳር 30 ቀን 2015፣ ለመሰማት ዘጠኝ ወር ሙሉ ይቀረው ነበር።

የእኛም አቆጣጠር ጉድጓድ አያጣም፤ የእኛው ነሐሴ ነው። የሳብሪና ካርፔንተር «ሾርት ኤን ስዊት» ነሐሴ 17 ቀን ወጥቶ ዓመቱ እስኪያልቅ የቀረው 18 ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ መዝገቡን በጳጉሜን መጨረሻ ዝጊ፤ ደረጃ የምትሰጪው ግን መስቀል ካለፈ በኋላ ይሁን።

ቻፔል ሮን ላይ አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ብዙ ሰው ያወቃት «ጉድ ላክ፣ ቤብ!» በሚለው ዘፈን ነው። እሱ መጋቢት 27 ቀን 2016 ለብቻው የወጣ ነጠላ ዜማ ስለሆነ አልበሙ ውስጥ የለም። ነጥብ ስትሰጪ ለአልበሙ አትቁጠሪለት።

ጥያቄ፦ «ብራት» ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። የቴይለር ስዊፍት ደግሞ 16 ዘፈንም 31 ዘፈንም ነው ይላሉ። የትኛውን ነው የምመዝነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ የወጣውን። የቻርሊ ኤክስሲኤክስ «ብራት» ግንቦት 30 ቀን 2016 ሲወጣ 15 ዘፈን ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 3፣ ሦስት ተጨምረውበት 18 ሆነ። ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዘፈኖቹ ከሌሎች ዘፋኞች ጋር እንደ አዲስ የተሠሩበት የሪሚክስ አልበም መጣ። አሥራ አምስቱን ለ2016 መዝን። ሪሚክሱን እንደ ሌላ አልበም ቆጥረህ ለ2017 አሳድረው፤ ያለ ማጋነን ራሱን ችሎ የሚቆም ሥራ ነው።

የቴይለር ስዊፍት «ዘ ቶርቸርድ ፖዬትስ ዲፓርትመንት» የበለጠ ያከራክራል፤ ምክንያቱም 16ቱ ከወጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው 15 ተጨምረው 31 የሆኑት። ቀኑ ያው ሚያዝያ 11 ነው። እኛ 16ቱን እንይዛለን። የትኛውን መያዝህ ደረጃውን እንዴት እንደሚገለብጠው በቁጥር ተመልከት።

ለየዘፈኑ 0፣ 1 ወይም 2 ስጥ። 0 ማለት የምታልፈው፣ 1 ሲመጣ የማትዘልለው፣ 2 ፈልገህ የምትከፍተው ነው። ከ1 እስከ 10 የሚባለውን ተወው፤ ሁሉም ሰው 7 ላይ ነው የሚከመረው። ድምሩን ለዘፈኑ ብዛት ሁለት እጥፍ አካፍል። ለምሳሌ ከ16 ዘፈን ዘጠኙ 2፣ አምስቱ 1፣ ሁለቱ 0 ቢያገኙ 23 ለ32፣ ማለትም 72 በመቶ ነው። በ31 ዘፈን አሥራ ሁለቱ 2፣ አሥራ ሁለቱ 1፣ ሰባቱ 0 ቢሆኑ 36 ለ62 ነው፤ 58 በመቶ። አሁን 12 ዘፈን ያለውና 16 ለ24 ያገኘ ሌላ አልበም አስብ፤ 67 በመቶ። በአንዱ ቆጠራ ይሸነፋል፣ በሌላው ያሸንፋል። ስለዚህ ደንቡን ሳትሰማ በፊት ወስን። ሰምተህ ከወሰንክ ለምትወዳት ዘፋኝ የሚያደላውን እንደምትመርጥ አትጠራጠር።

የቢዮንሴን «ካውቦይ ካርተር» የምትመዝኑም 27ቱን ሁሉ አትቁጠሩ። ከ1 ደቂቃ በታች የሆኑት አብዛኞቹ መሸጋገሪያ ንግግሮች ናቸው፤ እነሱን አውጡና ቀሪውን አካፍሉ።

ጥያቄ፦ የቴይለር አልበም በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ 2.61 ሚሊዮን «ሸጠ» ሲባል ይህን ያህል ሰው ገዛው ማለት ነው? (ዳ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። በእጅ የተያዘውና በፋይል የተሸጠው 1.914 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 859,000ው ሸክላ ነው። ቀሪው ሁሉ ማለት ይቻላል ከኢንተርኔት ላይ ከተደመጠው የተሰላ ነው። የአሜሪካን የአልበም ደረጃ የሚያወጣው ቢልቦርድ በዚያን ጊዜ የሚጠቀምበት ሂሳብ በክፍያ አገልግሎት 1,250 ጊዜ የተደመጠን፣ በነፃው አገልግሎት ደግሞ 3,750 ጊዜ የተደመጠን እንደ አንድ የተሸጠ አልበም ይቆጥር ነበር።

አልበም ለምን እንደረዘመ የሚገባህ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሂሳብ 10 ዘፈን ያለው አልበም አንድ ሽያጭ ለመሙላት በክፍያ አገልግሎት 125 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መደመጥ ነበረበት። 31 ዘፈን ላለው 40 ጊዜ ገደማ ይበቃ ነበር። የቢሊ አይሊሽ «ሂት ሚ ሃርድ ኤንድ ሶፍት» በ10 ዘፈን፣ አስቀድሞ አንድም ነጠላ ዜማ ሳይለቀቅለት 339,000 ሞልቶ በቢልቦርድ ደረጃ ሁለተኛ ሆኖ መግባቱን በዚህ ሚዛን ብታየው ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዳታ ይጨርስብኛል። አንድን አልበም ስንት ጊዜ ልስማው? (ከጅማ)

መልስ፦ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን። የመጀመሪያው ለመልመድ፣ ሁለተኛው ነጥብ ለመስጠት፣ ሦስተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጥቡን ለማረም። በሦስተኛው ጊዜ 2 የነበረው ወደ 1 የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የወጣው ነጠላ ዜማ ነው፤ ጆሮ ይሰለቸዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የድምፁ ጥራት በሴኮንድ 96 ኪሎቢት ሲሆን በደቂቃ 0.72 ሜጋባይት፣ 160 ሲሆን 1.2፣ 320 ሲሆን 2.4 ሜጋባይት ይበላል። 44 ደቂቃ የሆነው የቢሊ አልበም በ160 አንድ ጊዜ ሲሰማ 53 ሜጋባይት ያህል ነው። ሦስት ጊዜ ሲሆን 160 ሜጋባይት ገደማ። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረድከው ግን በሦስቱም ጊዜ ከጥቅልህ ምንም አይነካም። ዳታ የሚጨርሰው በብዛት ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ኪስ መክተት ነው፤ ምስሉን ሳታየው ትከፍልበታለህ።

ከመጀመርህ በፊት ሦስት ነገር አስተካክል። ዘፈኖችን የሚያቀያይረውን አጥፋ። አንዱን ዘፈን ከሚቀጥለው ጋር የሚያደባልቀውን ዜሮ አድርግ። የድምፅ ማመጣጠኛውን ግን ክፍት ተወው፤ ጮክ ብሎ የተቀዳ አልበም ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና ንጽጽሩን ያበላሻል። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ «ብራት» በከፈተበት ዘፈን ስሜት ነው ተመልሶ የሚዘጋው፣ «360» ብሎ ጀምሮ «365» ብሎ። አንድ ደቂቃ ሰምቶ መዝለልም ያሳስታል። የቢሊ «ላሙር ደ ማ ቪ» ለስለስ ብሎ ጀምሮ መሀል ላይ ወደ ሲንተሳይዘር ጭፈራ ይገለበጣል፤ መጀመሪያውን ብቻ የሰማ ግማሹን ዘፈን አያውቀውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አልበም እዚህ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚገባው? (ከሪያድ)

መልስ፦ ዓርብ። ከጁላይ 10 ቀን 2015 ጀምሮ የዓለም ሙዚቃ የሚለቀቀው ዓርብ ነው። አንዳንዱ በየአገሩ እኩለ ሌሊት ይከፈታል። በኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ለሁሉም አገር እኩል የሚከፈተው ግን ለአዲስ አበባና ለሪያድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ 2 ሰዓት ይሆናል። ዱባይ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ሎስ አንጀለስ ያሉት ገና ሐሙስ ማታ ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ የቴይለር ስዊፍትን አልበም በሸክላ ትፈልጋለች። ሱቁ ውስጥ አራት ዓይነት አየሁ። ሁሉንም መግዛት አለብኝ? አንዱን ለእህቷ ልጅ ወደ አዲስ አበባ መላክም አስቤአለሁ። (አባት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። አራቱ የሚለያዩት በሽፋናቸውና መጨረሻ ላይ ባለችው አንዲት ተጨማሪ ዘፈን ነው። አራቱም ተጨማሪዎች ባለ 31 ዘፈኑ ውስጥ አሉ፤ እሱም ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ በሸክላና በሲዲ ወጥቷል። ልጅዎ የምትፈልገው ዘፈኖቹን ከሆነ እሱን አንዱን ይግዙ፤ ሽፋን የምትሰበስብ ከሆነ ግን ራሷን ጠይቀው የምትመርጠውን ይውሰዱ።

ሌላ ሸክላ ሲገዙም ጀርባውን ያንብቡ። የሸክላ አንዱ ገጽታ ጥሩ ድምፅ ይዞ የሚችለው ወደ 22 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የ44 ደቂቃ አልበም በአንድ ሸክላ ይገባል፣ 65 ደቂቃው ሁለት ይፈልጋል። ሸክላ ለማተም ወራት ስለሚፈጅ የዘፈኑ ዝርዝር ከኢንተርኔቱ ቀድሞ ይቆረጣል፤ «ካውቦይ ካርተር» መጀመሪያ በሸክላ ሲደርስ አምስት ዘፈን ጎድሎት የነበረውን ገዢዎች ያስታውሱታል።

ሲልኩት ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ ከካርቶን ሽፋኑ አውጥተው ከሽፋኑ ጀርባ ያስቀምጡት። ውስጡ ከተተወ በመንገድ ሲንገጫገጭ የሽፋኑን ጠርዝ ይቀደዋል። ሻንጣ ውስጥ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል ይሁን። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ይጣመማል፣ ከተጣመመ አይቃናም።

ጥያቄ፦ የአቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) የመጨረሻው አልበም የ2024 ነው ወይስ የ2025? ጓደኛዬ ዘፈኖቹ በ2024 ነው የተሰሙት ይላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» የወጣው ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ነው፤ ጥር 23 ቀን 2017። ጓደኛህም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። «ታይምለስ» በሴፕቴምበር 27 ቀን 2024፣ «ሳኦ ፓውሎ» ደግሞ በኦክቶበር መጨረሻ ቀድመው ወጥተዋል። በፈረንጆቹ ከቆጠራችሁ ሥራው ለሁለት ይሰነጠቃል። በእኛ ግን «ታይምለስ» የወጣው መስከረም 17 ቀን፣ የመስቀል ዕለት ነው፤ ነጠላ ዜማውም አልበሙም 2017 ላይ አንድ ላይ ይውላሉ። ክርክሩን ተዉት።

ጥያቄ፦ ስፖቲፋይ በዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣልኝን ዝርዝር እንዳለ ብልክ አይሆንም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሆንም። ከጃንዋሪ 1 ይጀምርና ዓመቱ ሳያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት መቁጠር ያቆማል። 30 ሰኮንድ የተሰማውንም እንደ አንድ ስለሚቆጥር ለእንቅልፍ የከፈትሽውና ልጆች የነካኩት ሁሉ ይገባል። ለማስታወሻ ይጠቅማል፤ ለፍርድ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የሰውን ዝርዝር ትጠይቃላችሁ፣ የራሳችሁስ? (ብዙዎች)

መልስ፦ ለ2016፦ «ብራት» አንደኛ። በ41 ደቂቃ ውስጥ የጭፈራ ቤቱንም፣ ከጭፈራው በኋላ ያለውን ቅናትና ጥርጣሬም ይዟል፤ የሚጣል ዘፈን የለበትም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ «ሂት ሚ ሃርድ ኤንድ ሶፍት»። ሦስተኛ ቻፔል ሮን፣ በመስከረም ሂሳብ ገብታ። አራተኛ «ሾርት ኤን ስዊት»፤ በ36 ደቂቃ ጨርሶ የሚሄድ አልበም ዛሬ ብርቅ ነው። አምስተኛው ላይ ዝግጅት ክፍሉ ተከፋፈለ። «ካውቦይ ካርተር» በሁለት ድምፅ ልዩነት የአሪያና ግራንዴን «ኢተርናል ሰንሻይን» በለጠ። የዓመቱን አልበም የግራሚ ሽልማት የወሰደው ሥራ እኛ ዘንድ አምስተኛ መሆኑን የቢዮንሴ ወዳጆች እንደማይወዱት እናውቃለን፤ ተቃውሟችሁን ከነነጥብ ሰንጠረዡ ላኩ።